የዳኜን መርዶ መገናኛ ላይ ተረዳሁ

መገናኛን አልወዳትም። ድሮም አልወዳትም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ጠልቻታለሁ። ሰው በክርኑ ይገፋል፣ ረዳቱ «ኮተቤ! ካራ!» እያለ ጆሮ ሥር ይጮኻል፣ የታክሲው ሰልፍ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ መጨረሻው አይታይም። ስድሳን ያለፈች ሴት ፌስታሏን ደረቷ ላይ ታቅፋ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፤ «እማማ፣ ይቅደሙ» የሚላት የለም። ድሮ መገናኛ ሜዳ ነበረች። አውቶቡሱ በአሥራ አምስት ሳንቲም እስከ ፒያሳ ያደርሰን ነበር፤ ወንዶቹ ለሴት ወንበር ይለቁ ነበር፤ ካልለቀቁ ደግሞ ትኬት ቆራጩ ራሱ በትከሻቸው ይዞ ያስነሣቸው ነበር። ይህን ሰልፍ ላይ ሆኜ ሳጉረመርም ልጄ «እማዬ፣ ብቻሽን ታወሪያለሽ እኮ» ትለኛለች። ልክ ናት። የዚያን ቀንም ብቻዬን እያወራሁ ሳለ ነው አንድ ሰው ከኋላዬ የጠራኝ።

«ይቅርታ እመቤት» አለኝ። ዞር ስል በክራንች የቆመ ሽማግሌ ነው። ሰማያዊ የጥበቃ ልብስ ለብሷል፣ ጢሙ ጥጥ መስሏል፣ የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ሊለምነኝ መስሎኝ እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ኧረ እኔ ሠራተኛ ነኝ። ዓይንዎን አይቼ ነው። የዳኛቸው እህት አይደሉም? ተራራው ሥር ቤታቸው የነበረ፣ የቅቤ ነጋዴዋ የወይዘሮ አስካለ ልጅ?»

ዳኛቸው የሚለውን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ! «ነኝ» አልኩት፤ «ዘነበች እባላለሁ።»

«ሃምሳ አለቃ ቶሎሳ ነኝ። ከዳኜ ጋር አንድ ምሽግ ነበርን። እርስዎን ዘኒ ይልዎት አልነበር? ስምዎ ከአፉ አይለይም ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ እንደሱ ያለ ጓደኛ ዳግመኛ አላገኘሁም።»

ነፍሱን ይማረው። ሰው እንዲሁ በወሬ መሃል ጣል እንደሚያደርገው ጣል አደረጋት። እኔ ግን ወንድሜ መሞቱን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ፌስታሌን ታቅፌ፣ የካራ ታክሲ እየጠበቅሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ዳኜ «የጠፋ» ነበር። ሞተ ብሎ የነገረን አንድም ሰው አልነበረም። ቶሎሳ ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። «አልነገሯችሁም እንዴ? እኔ እኮ ያኔ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ ተናግሬያለሁ» አለ።

ለማን እንደተናገረ ከመጠየቄ በፊት እዚያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ወስዶ አስቀመጠኝ። የተቀመጥኩት መገናኛ ነው፤ ልቤ ግን እኛ ቤት ሄዷል።

ቤታችን ከየካ ተራራ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ነበር። ከእንጦጦ ወዲያ ያሉ ገበሬዎች ጠዋት ጠዋት በአህያ ቅቤ ይዘው ሲወርዱ እናቴ በራችን ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች፤ በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ በኦሮምኛ ትሥቃለች፣ ቅቤውን በጣቷ ቀምሳ የየትኛው አገር ሣር እንደሆነ ትናገራለች። አባታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሞቷል። ልጆቿ ሦስት ነን። ታላቃችን ጌታነህ፣ ከእኔ አሥራ አንድ ዓመት የሚበልጥ፣ መነጽር ያደረገ፣ ቢሮ የሚሠራ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፤ ጋሼ ብዬ፣ እንደ አባት «እርስዎ» እያልኩ ያደግሁት። ቀጥሎ ዳኜ። መጨረሻ እኔ። ዳኜ ሲግናል አካባቢ በነበረ ጋራዥ ብየዳ ይሠራ ነበር። ቱታው ዘይት ዘይት ይሸታል፤ እሑድ ግን ሌላ ሰው ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተዋውሶ የሚለብሰው ጂንስ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፣ በማበጠሪያ ሽቅብ የተነፋ ጎፈሬ። በቢክ እስክሪብቶ ካሴት እየጠቀለለ መንደሩን በዘፈን ያደነቁራል። ከቴፑ የሚወጣው ድምፅ ይጎተታል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኟ ወንድ ትሆናለች፣ እኛ በሣቅ እንሞታለን። ባትሪውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ደግሞ ይመልሰዋል። ኪሱ ውስጥ ሳንቲም ካለ ለእኔ ኬክ ይገዛልኛል፣ ከሌለው የትኬት ቆራጩን አነጋገር እየኮረጀ ያሥቀኛል። በግንባሩ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የተወው ጠባሳ ነበረው፤ ልጃገረዶቹ በጩቤ የተወጋ ቢመስላቸው አያስተባብልም።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ተራው ደረሰና ሄደ። ወረፋ ይደርስ ነበር ያኔ፣ እንደ ስኳር። አውቶቡሶቹ ተደርድረው፣ እናቶች እየጮኹ፣ ወንዶቹ በመስኮት ግማሽ አካላቸውን አውጥተው። ሻንጣውን የተሸከመለት ጋሼ ነው፤ ይህን ልክድ አልችልም። አውቶቡሱ ሲነሣ ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዳኜ ደብዳቤ ይጽፍልን ነበር፤ ለእናቴ የማነብላት እኔ ነኝ። «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል ሁልጊዜ፤ ግርጌው ላይ ለእኔ አንድ መስመር አያጣም። «ዘኒ፣ ካሴቶቼን ለማንም እንዳታውሺ።» አንድ ጊዜ ፎቶ ላከ፤ በወታደር ልብስ፣ ጎፈሬው ተላጭቶ፣ ጆሮዎቹ ትልልቅ ሆነው። እናቴ ሳመችውና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ሰቀለችው። ከዚያ ደብዳቤው ቀረ።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ስለ እሱ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ የማስታውሰው እግር ነው። በኮተቤ መንገድ ከሰሜን የሚመለሱ ወታደሮች እግር፤ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ያበጠ፣ የደማ። ቀበቶአቸውን ለዳቦ የሚሸጡ ወንዶች። እናቴ ገበያዋን ትታ መንገድ ዳር ቆመች። ማሰሮ ውሃና ቆሎ ይዛ ለእያንዳንዱ ትሰጣለች፣ እያንዳንዱን ትጠይቃለች። «ዳኛቸውን አታውቁትም? ረጅም ነው፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው።» አንዳንዱ ውሃውን ጠጥቶ ዝም ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ «ይመጣል እማማ፣ ከኋላ ብዙ ሰው አለ» ይላታል። እነዚያ ከኋላ አሉ የተባሉት ሰዎች አልቀው፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ፣ ክረምቱ ገብቶም ቆማለች።

ጋሼ በዚያው ሰሞን መጥቶ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደ። ያኔ አግብቶ ለብቻው ይኖር ነበር፤ በየቀኑ ግን እየመጣ ያየን ነበር። «ሰው ይገባል ይወጣል፤ የወታደር ቤት መባል ለጊዜው ጥሩ አይደለም» አለ። ደብዳቤዎቹንም ጨምሮ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟቸው ሄደ። በምስማሩ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለበት። እናቴ አልተቃወመችውም፤ ትልቁ ልጇ ነው፣ የሚያውቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን እንግዳ ሲመጣ ወደዚያ ግድግዳ አትመለከትም። ዘጠኝ ዓመት ኖረች። በየፋሲካው ለዳኜ አንድ ሸሚዝ ትገዛለች፤ «ሲመጣ ምን ይለብሳል?» እያለች። ስትሞት ሣጥኗ ውስጥ ዘጠኝ ሸሚዝ አገኘን፤ እንደታጠፉ፣ የአንገታቸው ካርቶን እንኳ አልወጣም።

ከጋሼ ጋር የተጣላነው በእሷ ልቅሶ ላይ ነው። አልቃሿ እናቴን አንሥታ ስታበቃ ወደ ዳኜ ዞረች፤ ልጅሽን ሳታዪ፣ በር በሩን እያየሽ፣ እያለች ድንኳኑን አስለቀሰችው። ጋሼ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጁን አወዛወዘ። «በቃ! ያልሞተ ሰው አይለቀስም! ይህ ሟርት ነው!» አለ። እኔ ተነሥቼ «ተዋት፣ ታልቅስለት» ልል አፌን ስከፍት «ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ያ መቀመጤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሠልስቱ ሲወጣ ቤቱን ለቅቄ ወጣሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወንድሜ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ልጆቹን ሲድር አልሄድኩም፤ እኔ ባሌን ስቀብር አልመጣም። እሱ ሲ.ኤም.ሲ ቪላ ሠርቶ ገባ፤ እኔ ኮተቤ የኪራይ ቤት። በታክሲ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ዓመት የጠላሁትን ሰው ገና በቅጡ እንዳልጠላሁት መገናኛ በረንዳ ላይ ነው የገባኝ።

«ለማን ነው የነገርከው?» አልኩት ቶሎሳን። እርስዎ ማለቱን ረሳሁት።

ቶሎሳ ሻዩን አልነካም። ሲያፈገፍጉ ዳኜ ሆዱ ላይ እንደተመታ፣ ሁለት ቀን በትከሻው እንደተሸከመው፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር እንዳረፈ ነገረኝ። «ብዙ አልተሠቃየም» አለኝ፤ ከዚያ ዓይኔን አየና «ተሠቃይቷል። አልዋሽዎትም» አለ። በእጁና በቆርቆሮ ሰሐን ቆፍሮ ቀበረው፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ቆለለበት። ለእናቱ እንደሚነግር ቃል ገብቶለት ነበርና በቆሰለ እግሩ ወራት ተጉዞ፣ እየጠየቀ ቤታችንን አገኘ። «በሩ ላይ መነጽር ያደረገ ረጅም ሰው ነው ያገኘኝ። ታላቅ ወንድሙ ነኝ አለኝ። ነገርኩት። አለቀሰ፤ በሩን ይዞ ነው ያለቀሰው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ። ‹እናቴ መንገድ ላይ ናት፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። አንተ ግን ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ፤ ለአንተም ለእኛም አይበጅም› አለኝ። እኔም ቃሌን ያደረስኩ መስሎኝ ሄድኩ። እግሬም በዚያው ሰሞን አመርቅዞ ተቆረጠ።»

እናቴ መንገድ ላይ ናት። አዎ፣ መንገድ ላይ ነበረች፤ ማሰሮዋን ይዛ ዳኜን ስትጠይቅ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያናችን ሄድኩ። ሬሳው ባይኖርም መርዶው ከደረሰ ፍትሐት ይደረግለታል፤ የእድራችን ዳኛም ድንኳን እንተክላለን አሉኝ፤ «ሠላሳ ዓመት የቆየ ልቅሶ ተከልክሎ አያውቅም» ብለው። ቄሱ ወጣት ናቸው፣ ልጄን ያክላሉ፤ በትዕግሥት ሰሙኝና ወረቀት አወጡ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

አላውቀውም። በእኛ ቤት የክርስትና ስም እንደ ገመና ነበር። እናቴ ለመተት ይሆናል ብላ ስለምትፈራ ጮክ ብላ አትጠራውም፤ የራሴን እንኳ የነገረችኝ ስዳር ነው። ክርስትና አባቱ ሞቷል። የዳኜን ስም ከልቧ ውስጥ ይዛው ሄዳለች። ቄሱ ሐዘኔን አይተው «ስሙን የሚያውቅ ሌላ ዘመድ ይፈልጉ እማማ፤ በዓለም ስሙ ብቻ እንዴት እናድርገው?» አሉኝ። ዳኜ ክርስትና ሲነሣ የእናቴን ነጠላ ይዞ አብሯት የሄደ አንድ ልጅ ነበር። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። አሁን መነጽር ያደረገ ሽማግሌ፤ ሲ.ኤም.ሲ።

ሲ.ኤም.ሲ ሄድኩ። የብረት በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት፤ አልማዝ። አርጅታለች፣ ወፍራለች። «አንቺ ነሽ? ምን ልትወስጂ መጣሽ?» አለችኝ። ሰላምታችን ይኸው ነው። ገፍቻት ገባሁ። ጋሼ በረንዳው ላይ ጉልበቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ፀሐይ ይሞቃል። እንዴት እንዳነሰ! ያ ቁመት የት እንደሄደ እንጃ። እኔን ሲያይ ብርድ ልብሱን ከጉልበቱ አነሣ፤ ሊነሣ ነው መሰለኝ፣ ግን አልተነሣም።

«ቶሎሳን አገኘሁት» አልኩት ቆሜ።

«ማንን?»

«እናቴ በር ላይ ኮትህን ያለበስከውን ሰው።»

«አንተ» ስለው በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። አልማዝ ከኋላዬ «ኧረ ጉድ!» አለች። ጋሼ ግን «አንተ» መባሉንም የሰማ አልመሰለኝም። ብርድ ልብሱን መልሶ ጉልበቱ ላይ ጎተተ። የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል።

«በሳምንቱ ልነግራት ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያኔ ቤት ይፈተሻል፣ ቢሮ ውስጥ ወንድምህ የት ነው እያሉ ያስጨንቁኛል። አምስት ልጅ አለኝ። ልቅሶ ብንቀመጥ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ብዬ ፈራሁ። ነገሩ ይብረድ አልኩ። ከዚያ ፍልሰታ ገባ፤ ጾሟን ትፍታ አልኩ። ከዚያ አዲስ ዓመት። ከዚያ አመማት። አንድ ዓመት አለፈ። ዓመት ካለፈ በኋላ ምን ብዬ ልንገራት ዘነበች? ዓመት ሙሉ ዋሽቼሻለሁ ልበላት?»

«ትላት ነበር! አልቅሳ፣ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ተዝካሩን አውጥታ ታርፍ ነበር። ዘጠኝ ሸሚዝ ገዛች! ዘጠኝ!»

«ሸሚዙን አብሬያት የገዛሁት እኔ ነኝ» አለ። «በየዓመቱ መርካቶ አብሬያት እሄዳለሁ። ስፋቱን የምትለካው በእኔ ነው፤ እንደታጠፈ ደረቴ ላይ እያስደገፈች።»

ልዘንለት ይሆን? ለቅጽበት እጄ ወደ ትከሻው ሊሄድ ነበር። ከዚያ ያ ድንኳን ትዝ አለኝ። «ያልሞተ ሰው አይለቀስም አልክ። በእናታችን ሬሳ ፊት፣ እያወቅህ።»

«አዎ፣ አልኩ።»

«ፎቶውስ? ደብዳቤዎቹስ?»

«አቃጠልኳቸው።»

አንዳንድ ሰው በዱላ ሲመታ እንዲህ ይሆናል ይባላል፤ መጀመሪያ አያምም። «ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አልኩት። «የክርስትና ስሙን ንገረኝ፤ ከዚያ ፊትህን ማየት አልፈልግም። ፍትሐቱ ላይ እግርህ እንዳይደርስ።»

ያን ጊዜ ድሮ የማውቀው ጋሼ ተመለሰ። ቀና አለ። «አልነግርሽም። ስሙን ለቄሱ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ድንኳኑም ውስጥ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ታላቁ ነኝ። ካልፈለግሽ ተይው።»

«በሬሳው ትነግድበታለህ?»

«ውጪልኝ!» አለች አልማዝ። «ሽማግሌ ልትገድዪ ነው የመጣሽው?»

ወጣሁ። ከሲ.ኤም.ሲ እስከ ኮተቤ በእግሬ ሄድኩ፤ እየረገምኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየረገምኩት ከረምኩ። የጥንት ሰዎችን ጠየቅሁ፣ የክርስትና አባቱን ልጆች ፈለግሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ያለ አሮጌ መዝገብ እንዲታይልኝ ለመንኩ፤ የለም። ቶሎሳ በየእሑዱ ይደውልልኛል፤ «ፍትሐቱ ደረሰለት?» ብቻ ነው የሚለኝ። አንድ እሑድ ግን እንዲህ አለኝ። «እመቤት ዘኒ፣ እኔም በሽተኛ ነኝ። የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ሳይጸለይለት ነው አፈር ያለበስኩት። ከወንድምዎ ጋር የሚጣሉበት ጊዜ ሞልቷል፤ መጀመሪያ እሱ ይረፍ።» ተናደድኩበት፤ ስልኩን ዘጋሁበት። ማታውን ግን ልጄን «ለአጎትሽ ደውዪና ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ በዪው» አልኳት። እኔ አልደወልኩም። ያን ያህል አልወረድኩም።

ቅዳሜ ጋሼ በልጁ መኪና ቤተ ክርስቲያን መጣ። ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ከአጠገቡ ግን ማንም አልቆመም፤ ሰፈሩ መጣላታችንን ያውቃል። ቄሱ ወረቀታቸውን ይዘው ሲጠይቁ ቀረብ ብሎ በጆሯቸው ሊነግራቸው ጎነበሰ። «ጮክ ብሎ ይናገር አባት» አልኩ ከሴቶቹ በኩል። «እኔም ልስማው።» ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ።

«ፍቅረ ማርያም» አለ።

ፍቅረ ማርያም። በዚያ ዘይት ዘይት በሚሸት ቱታ ውስጥ፣ በዚያ ጎፈሬ ሥር እንዲህ ያለ ስም ነበረ። ቄሶቹ ሲያዜሙት፣ በዕጣኑ መሃል ደጋግመው ሲጠሩት እኔ አላለቀስኩም፤ እንዳያመልጠኝ በአፌ እየደገምኩት ነበር። ቶሎሳ ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ ፍትሐቱ እስኪያልቅ በአንድ እግሩ ቆመ። ቁጭ ይበሉ ቢሉት እምቢ አለ።

ድንኳኑ የተተከለው እኔ በር ላይ ነው። ዛሬ ዛሬ የሞተ ሰው ፎቶ በትልቅ ሸራ ታትሞ ድንኳን ላይ ይሰቀላል፤ ከእኛ ሰፈር እንኳ በቅርቡ ጦርነት ልጆቻቸውን ያጡ ሦስት ቤቶች እንደዚያ አድርገዋል፤ ልጆቹ በዩኒፎርማቸው እየሣቁ። የዳኜ ድንኳን ባዶ ነው። የሰቀልነው ነገር የለም። የእናቴ የገበያ ጓደኛ እማማ ጫልቱ ከካራ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። «እስቲ ስለ ልጁ የሚያውቅ ይንገረን» አሉ። ሰዉ ወደ ቶሎሳ ዞረ።

ቶሎሳ ተናገረ። ለእኔ ያልነገረኝንም ተናገረ፤ ዳኜ ምሽጉ ውስጥ የትኬት ቆራጭ እየኮረጀ ሲያሥቃቸው፣ ውሃ ሲያልቅ የራሱን ለቁስለኛ ሲሰጥ። ሽማግሌዎቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ከዚያ አሟሟቱን፣ ወንዙን፣ ድንጋዩን ተናገረ። «ከዚያ ወደዚህ መጣሁ» አለና ዓይኑ ጋሼ ላይ አረፈ። «በሩ ላይ... ሰው አጣሁ። ተመልሼ ሄድኩ» አለ።

ልጮህ ነበር። ጋሼ ግን ቀደመኝ። ከተቀመጠበት ሆኖ፣ «አይደለም» አለ። «ጨርሰው። በሩ ላይ ማን እንደነበር ንገራቸው።»

«ይቅር ጌታዬ» አለ ቶሎሳ።

«እንግዲያው እኔ እናገራለሁ።» ተነሣ። የሚይዘው ሰው አልነበረም። «እኔ ነበርኩ። ነግሮኛል። ለእናቴ አልነገርኳትም። በእሷም ልቅሶ ላይ ለዚህ ልጅ እንዳይለቀስ የከለከልኩ እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

እማማ ጫልቱ በዝግታ ከዘራቸውን አነሡ። «አስካለ እኮ ያን ክረምት ከጎኔ ነበረች» አሉ። «ሰው ሁሉ ይመጣል ብሎ ሲዋሻት አብሬ እዋሻት ነበር፤ እኔ ሳላውቅ ነው። አንተ እያወቅህ!» ከዚያ ፊታቸውን አዞሩበት፤ ጀርባቸውን ሰጡት። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ሴቶችም ዞሩ። ጋሼ የሚቀመጥበት ጠፍቶት መሃል ድንኳን ቆሞ ቀረ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ይህን ቀን ሃያ ዓመት ሙሉ ስመኘው ኖሬ፣ ሲደርስ ደስ አላለኝም፤ አላዘንኩምም። ሙሾው ሲጀመር ብቻ፣ አልቃሿ የዳኜን ስም ስታነሣ፣ እሪ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱም ቆሞ አለቀሰ። እንዲቀመጥ አልነገርኩትም።

አልታረቅንም። ይቅር እንድለው እግሬ ላይ አልወደቀም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ሦስቱንም ቀን መጣ፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሄደ። በአርባው ዕለትም መጣ። ሰው ምን ይላል መሰላችሁ? «ሽማግሌ ነው፣ ይቅር በዪው» ይሉኛል። እናቴም ሽማግሌ ነበረች።

ባለፈው ወር የእናቴን መቃብር አሳደስኩ። ዳኜ መቃብር የለውምና ስሙ ከእሷ ስም ሥር እንዲቀረጽ አደረግሁ፤ የዓለም ስሙም፣ የክርስትና ስሙም። ድንጋይ ጠራቢው ጨርሶ መሮውን እንደያዘ «ግርጌው ላይ ያሠሩት ሰዎች ይጻፋሉ» አለኝ። «ማን ማን ልበል?»

የእኔ ስም ብቻ በቂ ነበር። ያሠራሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ስለ ድንጋዩ ሰምቶ ስሜን ታስገባልኝ ብሎ በልጄ በኩል ልኮ ነበር፤ አይሆንም ብዬ መልሼለታለሁ። ድንጋይ ጠራቢው ይጠብቃል፤ አቧራውን ከሽፋሽፍቱ ያራግፋል። ከላይ ከእንጦጦ ነፋሱ እየወረደ ባሕር ዛፎቹን ያንሿሿል።

«ልጆቿ፣ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

«ስም አልጻፍም?»

«ስም አትጻፍ። ልጆቿ ብቻ።»